ቋጠሮ የሌለው ስፌት

አየሁሽ ክሩን በሰም ላይ ሳበችና በሁለት ጣቶቿ መካከል አሸችው። ሰሙ ሞቆ ክሩ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። በመርፌው ዓይን አሳልፋ በጥይት ሳጥኑ ላይ ቆመች፤ ከራሷ በላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በግራ መዳፏ ደግፋ መስፋት ጀመረች።

ጨርቁ ትናንትም እዚሁ ቦታ ላይ ተተርትሮ ነበር። ከትናንት በስቲያም እንዲሁ።

«አሁንም ያችው ናት?» አለ በሽር ከታች ሆኖ።

«ያችው ናት።»

«ወላሂ፣ እቺ ቦታ ጠላት አላት።»

በሽር የመተማ ልብስ ሰፊ ነበር። ጣልያኖቹ የጠያራዋን ጨርቅ እንዲያስጠግን ሥራው ላይ ሾመውታል። ቆላው ሁሉ አውሮፕላንን ከሱዳኖች በወሰደው ስም ጠያራ ይለዋል። የበሽር የስፌት መኪና ክንፍ ላይ መውጣት ስለማይችል፣ የእጅ ስፌቷ የታወቀ ሴት ሲያፈላልግ አየሁሽን አገኘ። አየሁሽ ግን ልብስ ሰፍታ አታውቅም። የምትሰፋው መግነዝ ነበር። በኮኪት ዙሪያ ሰው ሲሞት አቡጀዲው ወደ እሷ ቤት ይመጣል፤ ሙያውን የተቀበለችው ከእናቷ ነው።

ጠያራዎቹ ሲመጡ ሦስት ነበሩ፤ ሲመጡም ያረጁ ነበሩ። ሌላ አገር ጦርነት ውለው፣ እዚያ ወድቀው ተነሥተው፣ በስተርጅና እቃ እንዲያመላልሱ ወደዚህ የተላኩ። ከሩቅ ብረት ይመስላሉ። ቀርቦ ለነካቸው ግን በቀጭን ብረት አጥንት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ናቸው፤ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ውጊያ ከገጠመ ወዲህ ባሕሩ ተዘግቶ ከአገሩ የሚመጣ ነገር ቆሟል። ጎማ የለም፤ ብሎን የለም፤ ጨርቁን ወጥሮ የሚያደርቀው ቫርኒሽም አልቋል። ስለዚህ አንደኛዋ ጠያራ ለሌሎቹ መለዋወጫ እንድትሆን ተፈረደባት። ሞተሮቿ ተነቀሉ፤ ጎማዎቿ ወለቁ፤ ጨርቋ ተገፈፈ። አሁን በሜዳው ጫፍ አጥንቷን ገትራ ቆማለች። አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ወፎች ይሰፍሩባታል። ንፋስ ሲነሣ በባዶ ብረቷ መካከል ታፏጫለች።

ሁለተኛዋ በነሐሴ ሽንፋ ወንዝ ዳር ወደቀች። ከእሷም የተረፈው ጨርቅና ብረት በግመል ተጭኖ መጣ።

የምትበረው ሦስተኛዋ ብቻ ናት፤ የምትበረውም በሁለቱ እቃ ነው። መካከለኛው ሞተሯ ከተገፈፈችው፣ የግራው ሞተሯ ከወደቀችው ነው። በግራው ክንፏ ሥር የተጣፈው ትልቅ ጣፍም ከወደቀችው ጠያራ በር አጠገብ ተቀዶ የመጣ ጨርቅ ነው። የሚተረተረውም እሱ ነው።

አየሁሽ የመጨረሻውን ነጥብ ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወረደች። መካኒኩ ቱሊዮ የሚፈላ የግራር ሙጫ በባልዲ ይዞ መጣ። ንዳድ ፊቱን ቢጫ ያደረገው ሽማግሌ ጣልያን ነው። ቫርኒሹ ካለቀ ወዲህ ሙጫ በበርሜል እያፈላ ጨርቁን የሚቀባው እሱ ነው። ስፌቱን ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛና ዐረብኛ፣ «ይሄ ስንዝር ክፍት፣ ደኅና» አለ። ክንዱን ከክርኑ እስከ ጣቱ አሳየ። «ይሄን ያህል ክፍት፣ ነፋስ ግቢ። ነፋስ ግቢ፣ ኸላስ።» በሁለት እጁ የበግ ቆዳ እንደሚገፍ ሰው አደረገ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሽንፋ አመለከተ።

የሁለተኛዋ አወዳደቅ እንደዚያ ነበር ማለቱ ነው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ጠያራዋ ዱቄትና ጥይት ጭና ተነሣች። በየቀኑ የምትሄደው ቋራ ውስጥ አርበኞች ወደ ከበቡት የጣልያን ምሽግ ነው። እዚያ ማረፊያ ስለሌላት ጆንያው ከበሯ እየተገፋ ይጣላል። የሚገፉት ሁለት ጫኞች ናቸው፤ አለነ የሚባል የኮኪት ልጅና የአየሁሽ ታናሽ ወንድም ደምለው። በፈቃዳቸው የገቡ አይደሉም። ከእነሱ በፊት አልሄድም ያለ ጫኝ ጀርባው እስኪላጥ ተገርፎ ወደ ጎንደር ተወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

አየሁሽ ጠያራዋ ከዓይን እስክትጠፋ የግራውን ክንፍ ብቻ ተመለከተች።

*

ስትመለስ ስፌቱ ተከፍቶ ነበር። ስንዝር አልፎ ነበር።

ደምለው ከበሩ ዘሎ ወረደና ክንፉ ሥር ካለው ጥላ ገብቶ ተቀመጠ። አየሁሽ የማሽላ ቂጣ ሰጠችው። አለነ ሳይቀመጥ ወደ ውኃው በርሜል ሄደ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትስቂብኝም?»

«መች ስቄብህ አውቃለሁ?»

«ሁልጊዜ ነዋ።» ቂጣውን ቆረሰ። «እኔና አለነ ሁለት ነን አይደል? በሩ ጋ ጆንያ ስንገፋ ግን ሦስት ነን።»

«አብራሪውን ቆጥረህ ነው?»

«አብራሪውማ ከፊት ነው፤ ዞር ብሎም አያየን። በሩ ጋ ነው የምልሽ። ጆንያውን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ሄዷል። ሲሄድ ደግሞ እንደ ገለባ ነው። መጀመሪያ አለነ የሚገፋልኝ መስሎኝ ነበር። አለነም እኔ መስዬው ኖሯል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ሁለታችንም አውቀናል፤ ግን አንነጋገርበትም። ትናንት ሳላስበው ‹ቀስ በል አንተ፣ እጄን!› አልኩት።»

«ማንን?»

ደምለው የቆረሰውን ቂጣ ሳይጎርሰው መልሶ አስቀመጠው። «ተይው» አለ።

አየሁሽ አልተጫነችውም። ማንን እንዳለ ታውቃለች። በነሐሴ ሁለተኛዋ ጠያራ በወደቀችበት ዕለት የመሄዱ ተራ የደምለው ነበር። ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ አድሮ አዛናው የሚባለው ጓደኛው በእሱ ተራ ገባ። የአብራሪዎቹና የሌላው ጫኝ ሬሳ ተገኘ። አዛናው አልተገኘም፤ የሞላው ሽንፋ ወሰደው ተባለ። እናቱ እመት አገኘሽ ከጦርነቱ በፊት ያኖሩትን አቡጀዲ ይዘው ወደ አየሁሽ መጡና «ሲገኝ ልብስ እንዳያጣ» ብለው መግነዙን አሰፉ። አልተገኘም። እሳቸውም ሬሳውን ሳላይ ብለው ለቅሶ ሳይቀመጡ ቀሩ።

በሽር ሳጥኑ ላይ ወጥቶ የተተረተረውን ስፌት በጣቱ ሲዳብስ ቆይቶ ጠራት።

«አንቺ አየሁሽ፣ ቋጠሮሽ የት አለ?»

«የምን ቋጠሮ?»

«የክሩ ጫፍ ነዋ! ሌላው ቦታ ሁሉ ቋጠሮሽ እንደ ኩርንችት ጣት ይወጋል። እዚህ ግን የለም። ልቅ ነው። ለዚህ ነው የሚተረተረው።»

«ቋጥሬዋለሁ።»

«አልቋጠርሽም።»

«አያ በሽር፣ ክር መቋጠር ልታስተምረኝ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን ላስተምርሽ! ነይ፣ አሁን ስፊውና እዚሁ ቆሜ ልይሽ።»

ወጥታ እንደገና ሰፋችው። በሽር ከጎኗ ቆሞ እጇን ያያል። እሷም እጇን ታያለች። መርፌው ገባ፣ ወጣ፤ ክሩ ሳይላላ ሳይከር ተከተለው። የመጨረሻው ነጥብ ላይ ሲደርስ እጇ ክሩን ወደ ጥርሷ አመጣው። በጠሰችው። ጫፉ ጨርቁ ላይ ልቅ ሆኖ ተንጠለጠለ።

«አየሽው?» አለ በሽር በቀስታ።

አየሁሽ ጣቶቿን እንደ ሌላ ሰው ጣቶች ተመለከተቻቸው። እናቷ መግነዝ ስታስተምራት አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ነግራታለች፤ የሙት ክር አይቋጠርም። ጫፉ ልቅ ይቀራል። የታሰረ ሙት መንገዱን አይሄድም። ያንን ሕግ ልጅ ሆና ስለተማረችው አስባበት አታውቅም፤ መግነዝ ሲሆን እጇ ራሱ ይተወዋል። የጠያራዋን ጨርቅ ሁሉ ስትቋጥር ከርማ እዚህ ጣፍ ላይ ብቻ እጇ እንቢ ብሏል። የማን ጨርቅ እንደያዘ ከእሷ ቀድሞ አውቋል።

አንገቷን አዘንብላ ጨርቁን ከብርሃኑ በኩል አየችው። ከሙጫው ሥር፣ ስፌቱ በሚከፈትበት ቦታ፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር ምልክት አለ። አምስት ጣትና መዳፍ። አዛናው የሰሊጥ ዘይት ከሚጨመቅበት ቤት ነበር የሚመጣው፤ ወደ ጠያራዋ ሲገባ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ እጁን ደገፍ ያደርግ ነበር።

ቱሊዮ ቀርቦ ምልክቱን አየና በጥፍሩ ጫረው። «ዘይት» አለ። «ሙጫ ዘይት አይዝም። ይሄ ጨርቅ መጥፎ። ሌላ አምጣ።» ከዚያ ነገ ጠያራዋ የምትጭነው ጥይት ብቻ እንደሆነና ከዛሬው እጥፍ እንደሚሆን ነገራቸው። ምሽጉ ጥይት ጨርሷል።

«ሌላ ጨርቅ ከየት ይመጣል?» አለ በሽር፣ ቱሊዮ ሲሄድ እያየ። «ጦርነቱ ከጀመረ አቡጀዲ በመተማ ገበያ ታይቶ አያውቅም። ሰው በሰሌን እየተቀበረ ነው።»

አየሁሽ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ብቋጥረው አዛናው ይታሰራል። ባልቋጥረው ደምለው ይወድቃል» አለች።

በሽር ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። «እኛ እስላሞችም የሙቱን ከፈን አስረን ወስደን መቃብር ውስጥ ስናስገባው ቋጠሮውን እንፈታለታለን» አለ። «ገብቶኛል። ግን የሚበረው ወንድምሽ ነው።»

ንፋስ ተነሣ። በሜዳው ጫፍ የተገፈፈችው ጠያራ ማፏጨት ጀመረች።

*

በእመት አገኘሽ ግቢ ዓይኑ በጨርቅ የተሸፈነ ግመል የዘይት መጭመቂያውን እየዞረ ነበር። አሮጊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚወርደውን ዘይት ያያሉ። እንደ ሐዘንተኛ አልለበሱም፤ ነጠላቸው እንደማንኛውም ቀን ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ እመት አገኘሽ።»

«እግዜር ይመስገን። ወንድምሽ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ንዳዱ ለቀቀው?»

ከነሐሴ ወዲህ ደምለው ጤነኛ እንደሆነ አገር ያውቃል። «ለቆታል» አለች አየሁሽ።

«እሰይ። ክፉ ንዳድ ነበር።»

ግመሉ አንድ ዙር ዞረ። አየሁሽ ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪም አልተባለች።

«ሰፍቼ የሰጠሁዎትን እቃ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«መግነዙን? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለጠያራዋ። ክንፏ ተቀዷል፤ ሌላ ጨርቅ የለም። ነገ ደምለው ይሄድባታል።»

አሮጊቷ ሳቁ። ሳቃቸው ደረቅና አጭር ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት የኖረ በር የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላል። «ልጄ ተራውን ገባለት፤ አሁን ደግሞ ልብሱን ይስጠው? አንቺ ልጅ፣ እፍረት የሚባል ነገር ቤታችሁ አልፈጠረባችሁም?»

«በምትኩ አዛናውን አመጣልዎታለሁ።»

ይህን ለማለት አስባ አልመጣችም ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን እውነት እንደሆነ ታወቃት። ግመሉ ማንም ሳይነካው ቆመ። እመት አገኘሽም አልነዱትም።

አየሁሽ ስለ ጣፉ ነገረቻቸው። ስለሚተረተረው ስፌት፣ ስለማይቋጥረው እጇ፣ በዘይት ስለታተመው መዳፍ። ደምለው በሩ ጋ ሦስት ነን ማለቱንም ነገረቻቸው።

«የቱ እጅ ነው?» አሉ አሮጊቷ ስታበቃ።

«የቱ ማለትዎ?»

«መዳፉ ነዋ። ቀኙ ነው ግራው?»

አየሁሽ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቱ ወዴት እንደነበር አስታወሰች። «ግራው ነው።»

እመት አገኘሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «በግራው ሲጎርስ ስንት ጊዜ እጁን መታሁት» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ወደ ቤት ገቡ። ምስጥ እንዳይበላው ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት አውርደው ይዘው ወጡ፤ ግን ወዲያው አልሰጧትም።

«ጠያራዋ ላይ ስትሰፊው ትቋጥሪዋለሽ?»

«እቋጥረዋለሁ።»

«ያኛውንስ፣ መዳፉ ያለበትን መግነዝ ስታደርጊው?»

«ያኛውን አልቋጥረውም።»

«ቆሜ አያለሁ» አሉና ሰጧት።

*

ሲነጋ ሁሉም ክንፉ ሥር ነበሩ። አየሁሽ መግነዙን ዘርግታ የራሷን ስፌት ጫፍ ያዘችና ሳበች። ቋጠሮ ስለሌለው ክሩ ከዳር እስከ ዳር ባንድ ጊዜ ወጣ። ንጹሕ አቡጀዲ ሆነ።

ቱሊዮ ጨርቁን በጣቶቹ መካከል አሽቶ ፊቱ ፈካ። «ቆንጆ! ከየት?»

«የሠርግ ነው» አለ በሽር።

ደምለው ጥይት ሲጭን ቆይቶ ላቡን እየጠረገ መጣ። በጨርቁ ጠርዝ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈችውን ትንሽ መስቀል አየ። እህቱ ያችን መስቀል የት ላይ ብቻ እንደምትሰፋ ያውቃል።

«የሠርግ ነው አልክ፣ አያ በሽር?»

በሽር ሰማዩን ማየት ጀመረ።

«እታለም፣ የሙት ልብስ አልብሰሽ ልትሸኚኝ ነው?»

«ማንም አልለበሰውም።»

«እኔ ልለብሰው ነዋ!»

«የምትለብሰው ጠያራዋ ናት። አንተ ውስጥ ነህ።»

«ያው አይደል?»

ደምለው ከእሷ ወደ እመት አገኘሽ ዞረ፤ አሮጊቷን ሲያይ አንገቱን ሰበረ። ከነሐሴ ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

«ሂድ ጭነትህን ጨርስ» አሉት እመት አገኘሽ። ድምፃቸው ቁጣም ምሕረትም አልነበረበትም።

አየሁሽ አሮጌውን ጣፍ ከክንፉ ነቀለችው። ሲወርድ ውስጡ የታፈነ አየር እንደ ትንፋሽ ፊቷን ነካት፤ የሰሊጥ ሽታ ነበረው። እመት አገኘሽ ጨርቁን ተቀብለው መሬት ላይ ዘረጉት፤ ተንበርክከው የግራ እጃቸውን በምልክቱ ላይ አኖሩ። ትንሿ እጃቸው በልጃቸው መዳፍ መሐል ጠፋች። ሳያነሷት ቆዩ። በሽር ጨርቁን አጣጥፎ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳው ዳር ዛፍ ጥላ ወሰደው።

አቡጀዲው ክንፉ ላይ ተወጠረ። አየሁሽ ዙሪያውን ሰፋችው። የመጨረሻው ነጥብ ላይ ስትደርስ እጇ ክሩን ይዞ ወደ ጥርሷ መሄድ ጀመረ። በሌላው እጇ አንጓዋን ጨብጣ አቆመችው።

«ቋጥሪው» አለ በሽር ከታች።

«ልቋጥረው ነው።»

«አየሁሽ!»

«ልቋጥረው ነው አልኩህ!»

ቋጠረችው። በላዩ ደገመችው። ቋጠሮው ጣቷን ሲወጋት እጇ ባንዴ ቀለላትና ተራ እጅ ሆነ። ቱሊዮ የፈላውን ሙጫ ቀባበት፤ ፀሐዩ ሳይውል ሳያድር አደረቀው። ነጩ ጣፍ በአሮጌው ክንፍ ላይ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ጠያራዋ ከብዷት ሜዳውን ሁሉ ሮጣ፣ ከተገፈፈችው እህቷ አናት ላይ ለጥቂት አልፋ ተነሣች። አባ ኮዳዎቹ ግርር ብለው በረሩና ሳይመለሱ ቀሩ።

*

አየሁሽ ጥላው ውስጥ ተቀምጣ አሮጌውን ጨርቅ መስፋት ጀመረች። ርዝመቱ የሰው ያህል ነበር። መዳፉ ያለበትን ወገን ወደ ውስጥ አድርጋ እንደ ማንኛውም መግነዝ ከእግር ወደ ራስ ሰፋችው። እመት አገኘሽ ነጠላቸውን ፈትተው እንደ ሐዘንተኛ አገለደሙ፤ ከዚያ ጎኗ ተቀመጡ።

«መምሬን ጠይቄያቸው ነበር» አሉ። «ሥጋ የሌለው ምን ተብሎ ይፈታል አሉኝ። አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም። ከግቢዬ ግራር ሥር አስቆፍሬያለሁ።»

ንፋስ ነበር፤ የሰሊጡ አገዳ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። በሜዳው ጫፍ የቆመችው አጥንት ግን አታፏጭም ነበር። በሽር ይህን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው፤ አንገቱን ወደዚያ ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

ጠያራዋ የምትመለስበት ሰዓት ደረሰ። አለፈ። ቱሊዮ ከድንኳኑ ወጥቶ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቆመ። አየሁሽ ቀና አላለችም። ነጥቦቿ እኩል እንዲሆኑ ብቻ ተጠነቀቀች፤ አንዱ ከተዛነፈ የሚሰበር ነገር ያለ መሰላት። መስፋቱን ማቆም ፈራች፤ መጨረሱንም ፈራች። ከራስጌው ስንዝር ያህል ሲቀራት መርፌው በእጇ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ ድምፁ መጣ። ከተለመደው የሳሳ ነበር፤ አንዱ ሞተር ጠፍቷል። ጠያራዋ ዝቅ ብላ ከሰሊጡ በላይ ታየች፤ ግራ ክንፏ ላይ ነጩ ጣፍ እንዳለ ነው። መሬት ነካች፤ ነጠረች፤ እንደገና ነካች፤ ቆመች።

አለነ ወርዶ እዚያው መሬቱ ላይ ተዘረረ። ደምለው እያነከሰ ወደ ጥላው መጣ። መዳፎቹ ተልጠው ደም አርሷቸዋል።

«ምን ሆንክ?» አለች አየሁሽ።

«ጆንያው ከበደኝ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «እመብርሃንን እታለም፣ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። አንዱን ለመግፋት ሁለታችንም በትከሻችን ነበር። በሩ ጋ...» ቆመ። ወደ እመት አገኘሽ አየ። «በሩ ጋ ሁለት ነበርን።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከደም የለበሰው መዳፉ ላይ ሳይነቅሉ ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ከጫፉ ቀደው በሁለት ቁራጭ አሰሩለት።

በሽር ፀሐዩ ወደ ጨርቁ መጠጋቱን አየና ወደ ጥላው ሊስበው ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ያዘው። አልተነሣለትም። እንደገና ሞከረ። ቀና ብሎ አየሁሽን አያት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ተጫዋችነት ሁሉ ጠፍቷል። በሁለት እጁ ያዘው፤ አሁንም ከመሬት ጥቂት ብቻ ተላቀቀ። ደምለው ወንድ ነኝ ብሎ በታሰረ እጁ ሌላውን ጫፍ አነሣ።

«ድንጋይ ከተታችሁበት እንዴ?» አለ።

«ቀስ በሉ» አሉ እመት አገኘሽ። «ራሱ በዚያ በኩል ነው።»

ቀስ ብለው ጥላው ውስጥ አኖሩት። ጨርቁ መሬት ሲነካ የለሆሳስ ድምፅ ተሰማ፤ የደከመ ሰው ሲጋደም እንደሚያሰማው ዓይነት። ደምለው ባርኔጣውን አወለቀ። በሽር በከንፈሩ አንድ ነገር አነበነበ።

አየሁሽ ከራስጌው ተንበረከከች። የቀራትን ስንዝር ሰፋች፤ አልቸኮለችም። የመጨረሻው ነጥብ ላይ እጇ ክሩን ወደ ጥርሷ አመጣው። በጠሰችው። ጫፉን በጣቷ አስተካክላ ጨርቁ ላይ ልቅ ተወችው። መርፌውን ሰሙ ውስጥ ሰካችና ሰሙን ከሳጥኑ ላይ አኖረችው።